የታመመችውን ዓሣ ለማዳን ስንል እንዳንገድላት



የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «ለሰው መድኃኒት በጠፋበት ዘመን ደግሞ ለዓሣ ሕክምና!» የሚል ሰው እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ከዓሣ አልፎ ወደ ልጆቻችን፣ ወደ ጓዳችን መድኃኒት፣ ወደ ወንዛችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ አንደበታችን የሚደርስ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ነገሩን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጄ አራት ወርቃማ ዓሦች በላስቲክ ይዞላት መጣ፤ እነዚያ ጎልድፊሽ የሚባሉትን ማለቴ ነው። መስታወቱንም ጨምሮ ነበር ያመጣው። ሲሪንቃ በምርምር ማዕከሏ፣ በማሽላዋና በጤፏ እንጂ በመስታወት ውስጥ ዓሣ በማርባት አትታወቅምና የጎረቤት ልጆች ቤታችንን መስጊድ አስመሰሉት፤ ጫማው በር ላይ ይደረደር ነበር። ልጄም በየማለዳው መጀመሪያ የምትጠይቀው ዓሦቹን ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት አንደኛዋ ዓሣ ላይ ነጭ ጤፍ የተነሰነሰባት የመሰለ ነጠብጣብ ታየ። ዓሣዋ ከድንጋዩ ጋር ሰውነቷን ታሻሽ ጀመር። እኔም «አስተማሪ አይደለሁም እንዴ!» ብዬ ሐኪም ሆንኩ። መጀመሪያ ውሃውን በሙሉ ደፋሁ። ጠጠሩን በበረኪና አጠብኩ። ከዚያም ከቧንቧ የተቀዳ አዲስ ውሃ ሞላሁና ከጓዳ የተረፈ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ነሰነስኩበት። ለሱብሒ ስነሳ ሦስቱ ዓሦች ተገልብጠው ተንሳፈው አገኘኋቸው።

ልጄ ስታያቸው «አባ፣ መድኃኒቱ ነው የገደላቸው?» አለችኝ። እኔም «የለም ልጄ፣ አጀላቸው ደርሶ ነው» አልኳት። አጀል ትክክል ነው፤ ሁሉም ነፍስ የተወሰነላት ጊዜ አላት። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ቃሉን የተጠቀምኩበት እምነቴን ለመግለጽ ሳይሆን ጥፋቴን ለመሸፈን ነበር። ይህ ነገር ከዓሦቹ ሞት ይበልጥ ሲቆረቁረኝ ከረመ። ከእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠይቄ፣ መጻሕፍትም አገላብጬ የተማርኩትን እነሆ።

ከመድኃኒቱ በፊት ውሃውን

ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም በዚያው በአንድ ውሃ ውስጥ ነው። በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል። በወንዝና በሐይቅ ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ይቀላቀላል፤ በመስታወት ውስጥ ግን ተከማችቶ ራሱን ዓሣውን ያቃጥለዋል። አላህ በጥበቡ ይህንን መርዝ የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ፈጥሯል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አንዶቹ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጡታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን እጅግም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ መስታወት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ሥራቸውን በደንብ እስኪይዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

እንግዲህ የኔን ጥፋት ተመልከቱ። በበረኪና ሳጥብ እነዚያን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ፈጀኋቸው። ውሃውን በሙሉ ስለውጥ የቀሩትንም አጠፋሁ። የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ይልጣል። ቴትራሳይክሊን ሲጨመር ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ። ዓሦቹ የሞቱት በበሽታው ሳይሆን በሐኪሙ ነው።

ስለዚህ ዓሣችሁ ስትታመም የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ አይደለም። ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን ብቻ ቀድታችሁ አውጡና በምትኩ በሰፊ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ቢያንስ 24 ሰዓት ያደረ ውሃ ጨምሩ። ክሎሪን አየር ሲያገኝ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን በማደር ብቻ አይለቅም፤ በከተማችሁ የሚጨመረው እሱ ከሆነ ክሎሪን ማርከሻ ያስፈልጋችኋል። የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከነባሩ ጋር ይመሳሰል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አየሩ የወጣለት ስለሆነ በብዙ መገልበጥ አየር ሳይገባበት አይጨመር። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጠው ፈሳሽም ክሎሪን ነውና ከዓሣው ውሃ ይራቅ። ማጣሪያውን ማጠብ ካስፈለገ ከመስታወቱ በተቀዳው ውሃ እንጂ በቧንቧ ወይም በሳሙና አይታጠብም።

ምልክቱን ማንበብ

ሐኪም ሳያይ አያዝም። እኛም ዓሣዋን ተቀምጠን እንያት።

ሁሉም ዓሦች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ በሽታ ሳይሆን ውሃው ነው። ወይ አየር አጥሯል፣ ወይ አሞኒያ በዝቷል፣ ወይ ክሎሪን ገብቷል። ውሃ ቀይሩ፣ አየር ስጡ፤ መድኃኒት አትጨምሩ።

ክንፏ ጫፉ ተበጣጥሶና ነጥቶ ከታየ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው የሚያጠቃው ግን በቆሸሸ ውሃ የደከመችውን ዓሣ ነው። ገና ሲጀምር ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሊያድናት ይችላል።

ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለባት ሻጋታ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ሻጋታ የሚመስል የባክቴሪያ በሽታም አለና በችኮላ አይፈረድም።

ሆዷ ተነፍቶ ቅርፊቷ እንደ ጥድ ፍሬ ከቆመ የውስጥ አካሏ መጎዳቱን ያሳያል። እዚህ ደረጃ ከደረሰች የመዳን ተስፋዋ ትንሽ ነው።

ነጭ ጤፍ የመሰለው ነጠብጣብ በሰውነቷና በክንፏ ላይ ተበትኖ፣ እሷም ከዕቃ ጋር የምትታሽ ከሆነ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ በስንጥቡ ክዳንና በፊተኛው ክንፉ ጠርዝ ላይ ብቻ በሥርዓት የተደረደሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ያወጣል። ይህ ጤና ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ዓሣ መድኃኒት የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው።

የነጭ ነጠብጣቡ ምስጢር

የዚህ በሽታ መነሻ ኢክትዮፍቲርየስ መልቲፊሊስ የሚባል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ትርጉሙ «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» እንደማለት ነው፤ ስሙም እንደ ሥራው ነው። ተሕዋሱ በዓሣዋ ቆዳ ሥር ገብቶ ይመገባል። ሲጠግብ ይወድቅና ከመስታወቱ ወለል ላይ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በዚያም ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይሆናል። ልጆቹ ወጥተው ሲዋኙ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን የሚዋኙትን ልጆች ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር ያለውንም ሆነ ወለል ላይ የተሸፈነውን አያገኘውም። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናን ማቋረጥ ጠላት ሲተኛ ዘብን እንደ ማንሳት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ያህል ሲሆን ዑደቱ በሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይረዝማል። እንደኛ ባለ ማታ ማታ በሚቀዘቅዝ አገር የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን መቀጠል ይገባል።

በውጭ አገር መጻሕፍት ውሃውን እስከ 30 ዲግሪ ማሞቅ ይመከራል። እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። አየር መንፊያ ለሌለው፣ መብራትም ለሚጠፋበት ቤት ይህ ምክር ዓሣ ማፈኛ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ፤ በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ጨው፣ ግን በሚዛን

ለዚህ በሽታ በእጃችን ያለው ቀላሉ መድኃኒት ጨው ነው። ጨውም ቢሆን ያለ ልክ መርዝ ነውና መጀመሪያ ውሃውን እንለካ። የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ የውሃው ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አባዝተን ለ1000 ስናካፍል 54 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩ የያዘውን ቦታ ቀንሰን 48 ሊትር እንበል። ስሌት የማይሆንለት በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እየቆጠረ ይሙላ።

ለነጭ ነጠብጣብ በአንድ ሊትር 2 ግራም ጨው ብንል ለ48 ሊትር 96 ግራም ነው። ይህን በሦስት ከፍለን በየ12 ሰዓቱ 32 ግራም እንጨምራለን። ሚዛን ከሱቅ መዋስ ይቻላል፤ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ደግሞ ወደ 6 ግራም ይመዝናል። ጨዉ በሌላ ዕቃ ከሟሟ በኋላ ቀስ ተብሎ ይጨመራል እንጂ ዓሣዋ ላይ አይነሰነስም። ጨው እንደ ውሃ አይተንም፤ ስለዚህ ውሃው ተንኖ ሲጎድል ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ይሞላል። 15 ሊትር ቀድታችሁ ካወጣችሁ ግን ለአዲሱ 15 ሊትር 30 ግራም ትጨምራላችሁ። ይህን ሳያውቁ በየቀኑ ጨው የሚጨምሩ ሰዎች ዓሣቸውን ቋንጣ ያደርጋሉ።

ለከብት የሚላሰው ጨው አፈርና ሌላ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል አይሆንም። በሱቅ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጨው ከተገኘ ግን እሱ ይመረጣል። በመስታወቱ ውስጥ ሕያው ተክል ወይም ቀንድ አውጣ ካለ ጨው ይጎዳቸዋል። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችም ጨው የመቋቋም አቅማቸው ስለሚለያይ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ዓሣዋ ሚዛኗን ስታ ከተንጋደደች ወዲያው ከውሃው በከፊል ቀይሩ።

የተረፈችውን አራተኛዋን ዓሣ ያከምኩት በዚህ መንገድ ነው። ባለ 20 ሊትር ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ሞልቼ አስገባኋት፤ ጨዉን በሦስት ጊዜ ጨመርኩ፤ በየቀኑ ሲሶውን ውሃ እየቀየርኩ ለቀየርኩት ብቻ ጨው እተካ ነበር። ምግቧንም ቀነስኩ። በባልዲው ሦስት ሳምንት ያህል ስትቆይ ዓሣ ያልነበረበት መስታወት ውስጥ የቀረው ጥገኛም ማረፊያ አጥቶ አለቀ።

ከመድኃኒት ቤትና ከጓዳ ምን ይራቅ?

ቴትራሳይክሊንና መሰሎቹ የባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። ነጭ ነጠብጣብን የሚያመጣው ግን ባክቴሪያ አይደለምና ምንም አይጠቅሙትም። በዚያ ላይ ቴትራሳይክሊን ማዕድን ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ይታሰራል፤ ብርሃንም ያበላሸዋል። ለዓሣ ተብሎ በግምት የሚፈስ መድኃኒት የማይሞቱትን ባክቴሪያዎች እየለመደ ያሳድጋል። ነገ የልጃችን ቁስል በዚያው መድኃኒት አልድን ሲል ማንን እንወቅሳለን?

ማላካይት ግሪን የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ነጠብጣቡን ይገድላል፤ ነገር ግን ለሰው ጤና ስለሚያሰጋ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ እንዳይውል በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ የተከለከለ ነው። ፎርማሊን ለዓይንና ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ከውሃውም ኦክስጅን ይቀንሳል። የመዳብ ሰልፌት በልኩና ከልክ ባለፈው መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። እነዚህን በባለሙያ ትእዛዝ ካልሆነ አትንኩ። የታዘዘ መድኃኒት ስትጠቀሙም ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ፤ በማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ አውጡት፤ ከሰል መድኃኒቱን ይውጠዋልና።

የሰውስ ጤና?

ወላጆች ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ከዓሣ ውሃ በቁስል በኩል ወደ ሰው እጅ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እጁ የቆሰለ ሰው እጁን መስታወቱ ውስጥ አይክተት። ሁላችንም ከነካን በኋላ በሳሙና እንታጠብ። ውሃ ለመቅዳት ቱቦውን በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይገባም። የዓሣው ባልዲና ማንኪያ ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል። እጁ ላይ የሰነበተ እብጠት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ «ዓሣ አለኝ» ብሎ ይናገር፤ ይህች አንዲት ቃል ብዙ ምርመራ ታሳጥራለች።

ተስፋ ሲቆረጥና ውሃው ሲደፋ

አንዳንዴ ዓሣዋ አትድንም። ሕያው ሆና ሽንት ቤት መጣል፣ ደረቅ መሬት ላይ መተው ወይም ወደ ማቀዝቀዣ መክተት ማሠቃየት ነው። ሙስሊም ሲያርድ ቢላውን የሚስለው እንስሳው እንዳይሠቃይ መሆኑን እናውቃለን። ባለሙያዎች በአንድ ሊትር ውሃ 0.4 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት በደንብ መትቶ በመቀላቀል ዓሣዋን እዚያ ማኖርን ይመክራሉ። መጀመሪያ ታንቀላፋለች፤ የስንጥቧ እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ትቆይ። ከዚያ ትቀበር።

የታመመችውንም ሆነ የሰለቸናትን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አንልቀቅ። የሐይቅን ሐይቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀረሶና አምባዛ የሚመጣልን ከዚያ ነው። ቀረሶው ግን የሐይቁ ተወላጅ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለምግብ ታስቦ የገባ ነው። ዛሬ የስንቱን አጥማጅ ቤት ያኖራል። ታስቦ የገባ ዓሣ እንዲህ ከተራባ፣ ሳይታሰብ በሽታ ይዞ የሚገባው ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቡት። መድኃኒት ያለበትን ውሃም ከብት ከሚጠጣበት ወራጅና ከጉድጓድ ርቆ በተቆፈረ ቦታ ድፉት። ጨዋማውን ደግሞ ጓሮ አታጠጡበት።

ከሁሉ የሚሻለው በሽታን አለማስገባት ነው። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከነባሮቹ ሳይቀላቀል ከ3 እስከ 4 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የመጣበት ውሃም ወደ መስታወቱ አይገልበጥ። ከአቅም በላይ የሆነውን የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያን መጠየቅ ይቻላል። ሰበታና ባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላትም በአገራችን የዓሣን ነገር የሚያጠኑ ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ዓሣዋ ድና ወደ መስታወቷ በተመለሰች ዕለት ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ? አዎን፣ ሦስቱን የጎዳቸው የኔ አለማወቅ ነበር። ሳላውቅ አከምኩ፤ ሲሞቱም ደፍሬ አልነገርኩሽም» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እኔ እኮ አውቄ ነበር አባ» አለችኝ።

ልጆቻችን ያውቃሉ። ቀደርን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ሰበቡን ሳያደርሱ ጥፋትን በቀደር ላይ መጣል ግን ሌላ ነው። በመስታወት የዘጋናት ፍጡር ራሷ ውሃ መለወጥ፣ ራሷ ምግብ መፈለግ አትችልም። የኛ አማና ናት። አማናን መወጣት በማወቅ ይጀምራል፤ ስንሳሳትም በማመን ይቀጥላል።